መልስ፦ የልጄ ቆረቆር በቅባት አልለቅ አለ
ቅባት ብቻውን አያድነውም። የሕክምና ካርዱ ላይ ያየሽው «ቲኒያ ካፒቲስ» ያው ቆረቆር ነው። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ቅባት አይደርስበትም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ግሪሲዮፉልቪን ነው። መጠኑ በልጁ ኪሎ ስለሆነ ሐኪም ይመዝነው። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ስጪው፣ ሰውነቱ በደንብ ይወስደዋል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፤ ቅርፊቱ ረገፈ ብለሽ እንዳታቋርጪ። ማበጠሪያና ኮፍያ ለየብቻ።

አደራ፣ ቀፊራ ገበያ ወርደሽ ቤታሜታሶን ያለበት ቅባት እንዳትገዢ፤ ማሳከኩን የሚያበርድ እንጂ ፈንገሱን የማይገድል ስቴሮይድ ነው። የእህቴ ልጅ ላይ አይቼዋለሁ። ማሳከኩ በረደ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ተገላገላችሁ» አለ፣ ክቡ ቁስል ግን ቀስ ብሎ እስከ ጆሮው ሰፋ። መግል የቋጠረ እብጠት ካየሽበት ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ውሰጂው።