ለስብሰባ ክፍል መቆጣጠሪያ ለምትመርጡ ልጆች

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ባለሙያ ደውሎ "ጋሼ፣ 12 ሰው ለሚይዝ የስብሰባ ክፍል የትኛውን ኮንትሮለር ልግዛ?" አለኝ። እኔም "መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ክፍሉ ምን እንዲያደርግ ትፈልጋለህ?" ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። አልፈረድኩበትም፤ እኔንም በእሱ ዕድሜ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ይህን የምጽፍላችሁ ለዚያ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት ትንሽ የስብሰባ ክፍል ሠራሁ። አንድ ፕሮጀክተር፣ በሞተር የሚወርድ ስክሪን፣ አምፕሊፋየርና ሁለት ማይክ፣ ሁሉንም የሚያዝ አንድ ትንሽ ሳጥን፣ ማለትም ኮንትሮለሩ። ፕሮጀክተሩን ያገናኘሁት በአይአር ነበር፣ ማለትም ልክ እንደ ሪሞት ምልክት የምትልክ ትንሽ ዓይን ፊቱ ላይ ለጥፌ። ሪሞቱ ያለው አንድ የፓወር ቁልፍ ብቻ ነው። ፕሮጀክተሩ ጠፍቶ ከሆነ ያበራዋል፣ በርቶ ከሆነ ያጠፋዋል። የርክክቡ ቀን ሁሉም ነገር ሠራ፣ ተጨባበጥን፣ ተለያየን።

በሳምንቱ ስብሰባ መሃል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ፕሮጀክተሩ ግን እንደጠፋ ቀረ። ኮንትሮለሩ ዩፒኤስ ላይ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆየው ዕቃ ላይ፣ ስለነበር መብራት መጥፋቱንም አላወቀም፤ በእሱ ቤት ፕሮጀክተሩ እንደበራ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተገለባበጠ። "አጥፋ" ሲሉት ይበራል፣ "አብራ" ሲሉት ይጠፋል። ጸሐፊዋ ደውላ "ጋሼ ኧረ ይድረሱልኝ፣ እንግዶቹ ተቀምጠዋል" ስትለኝ የነበረው ድምጿ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፣ የሳጥኑም አልነበረም። መልስ የማይመለስበትን መስመር የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ኮንትሮለር ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን፦ ያዘዘውን ዕቃ መልሶ "አሁን በርተሃል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይችላል? በአይአር አይችልም። አርኤስ-232 በሚባለው የሽቦ መስመር ይችላል፣ በኔትወርክም ይችላል። አርኤስ-232 እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ያረጀ ነገር ነው ብላችሁ አትናቁት። ሦስት ሽቦ ነው፤ አንዱ ይልካል፣ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ግራውንድ ነው። ላኪና ተቀባዩን ማቀያየር ትረሱና ግማሽ ቀን ትደክማላችሁ፣ ሁላችንም ደክመንበታል። ርቀቱ በተለምዶ 15 ሜትር አካባቢ ነው የሚባለው፣ ስለዚህ ኬብሉ በኮርኒስ ዞሮ ስንት ሜትር እንደሚሆን ቀድማችሁ ለኩ። አይአር የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ዕቃው "አብራ" እና "አጥፋ" የሚሉ ሁለት የተለያዩ ኮዶች እንዳሉት ሳታረጋግጡ አትስማሙ።

በኔትወርክ ከሆነ ፒጄሊንክ የሚባል የጋራ ቋንቋ አለ፤ ብዙ የፕሮጀክተር አምራቾች ይደግፉታል፣ በ4352 ፖርት ነው የሚሠራው። እኔ በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ከአምስት ዓመት በኋላ ፕሮጀክተሩ ተበላሽቶ የሌላ ማርካ ሲገዛ ማብሪያ ማጥፊያው እንዳለ ይሠራል። ግን ሁለት ወጥመድ አለው። አንዱ፣ ብዙ ፕሮጀክተሮች ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ሲጠፉ የኔትወርክ ፖርታቸውንም አብረው ይዘጋሉ፤ በኔትወርክ ታጠፋዋለህ፣ መልሰህ ማብራት አትችልም። ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ የስታንድባይ ምርጫውን ካልቀየራችሁ ጥፋቱን ኮንትሮለሩ ላይ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ሁለተኛው አይፒው፣ ማለትም ፕሮጀክተሩ በኔትወርኩ ላይ ያለው አድራሻ ነው። ቋሚ አድርጉት፣ ከአይቲ ክፍሉ ጋርም ተነጋገሩ፣ ያለዚያ አንድ ቀን ራውተር ይቀየርና ክፍላችሁ ዲዳ ይሆናል።

ስክሪኑ ላይ ቆም በሉ፣ እዚህ ላይ የሰው ሕይወት አለ። ትንንሾቹ ሳጥኖች ላይ ያሉት ሪሌዮች፣ ማለትም በትእዛዝ የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ብዙውን ጊዜ ለ24 ቮልት፣ ለ1 አምፒር ያህል የተሠሩ ናቸው። የስክሪኑ ሞተር ግን 220 ቮልት ነው። አንዳንዱ ልጅ "ሪሌይ ሪሌይ ነው" ብሎ በቀጥታ ያገናኘዋል፤ እንዲህ የተገናኘ ሳጥን ከፍቼ ፕላስቲኩ ቀልጦ አይቻለሁ። መሃል ላይ ለ220 የሚሆን ኮንታክተር (ከፍ ያለ ኃይል የሚችል ሪሌይ) ወይም የስክሪኑን የራሱን መቆጣጠሪያ አስገቡ። "ውረድ" እና "ውጣ" በአንድ ጊዜ እንዳይሠሩም በሽቦውም በፕሮግራሙም ከልክሉ። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ከሆነ ደግሞ ከጠፋ በኋላ ማቀዝቀዣ ጊዜ ይፈልጋል፤ በዚያ መሃል "አብራ" ቢሉት አይሰማም፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ትእዛዙን ይዞ ይጠብቅና ሲቀዘቅዝ ይላክ።

ለትንሽ ክፍል በጣት የሚነካ ስክሪን (ተች ስክሪን) አያስፈልግም የሚል እምነት አለኝ። ስድስት ወይም ስምንት ቁልፍ ያለው የግድግዳ ፓነል ይበቃል። ጽሑፉን በአማርኛ አድርጉት፦ አብራ፣ አጥፋ፣ ላፕቶፕ፣ ድምፅ ጨምር፣ ድምፅ ቀንስ። ክፍሉን ጠዋት የሚከፍተው ሰው መሐንዲስ አይደለም፣ መሆንም የለበትም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ፕሮግራሙ የማን ነው? ክሬስትሮን ይሁን፣ ኤክስትሮን ይሁን፣ ኤኤምኤክስ ይሁን፣ ማርካውን እኔ አልመርጥላችሁም። ግን ብዙ ሲስተሞች ላይ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የተጠናቀቀው ፕሮግራም ነው፤ ሶርስ ፋይሉ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ለመቀየር የሚያስፈልገው ዋናው ጽሑፍ፣ ያለው የጻፈው ልጅ ላፕቶፕ ላይ ነው። ልጁ ሥራ ይቀይራል፣ አገር ይቀይራል፣ ላፕቶፑ ይሰረቃል። አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት ጠርቶኝ የጠየቀኝ የአንድ ቁልፍ ሥራ እንድቀይር ብቻ ነበር። ዕቃው ሁሉ ደህና ነው፤ ፋይሉ ግን የለም፣ የጻፈውም ሰው አልተገኘም። አራት ቀን ቁጭ ብዬ ሁሉንም ከዜሮ ጻፍኩት፣ እነሱም ለአንድ ቁልፍ የአራት ቀን ከፈሉ። ከዚያ ወዲህ ሶርስ ፋይሉን በፍላሽ ሳላስረክብ የመጨረሻ ክፍያ ተቀብዬ አላውቅም። እናንተም ገዢ ሆናችሁ ጫረታ ስታወጡ ስፔሲፊኬሽኑ ላይ አስገቡት። የፕሮግራም መጻፊያውን ሶፍትዌር ማንኛውም ባለሙያ ያገኘዋል ወይስ የሚሰጠው ለተመዘገበ ሻጭ ብቻ ነው? ይህንንም ሳትከፍሉ በፊት ጠይቁ።

ስለ ዋጋ ብዙ አልልም። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ወራት ሊፈጅ እንደሚችል ግን ታውቃላችሁ፤ አሁን ከምትፈልጉት ፖርት ቢያንስ አንድ ትርፍ ያለው ሳጥን ግዙ። በኔትወርክ ኬብሉ ራሱ ኃይል የሚያገኝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ኃይሉን የሚሰጠውን የኔትወርክ ስዊችም ዩፒኤስ ላይ ሰኩት፣ ያለዚያ ሳጥኑን ብቻ መጠበቅ ትርጉም የለውም።

እኔ ዛሬም ርክክብ ላይ አንድ ነገር አደርጋለሁ። ደንበኛው ቁጭ ብሎ እያየ፣ ሁሉም ነገር በርቶ፣ ብሬከሩን አወርዳለሁ። አንድ ደቂቃ እንጠብቃለን፣ ከዚያ እመልሰዋለሁ። ኮንትሮለሩ ፕሮጀክተሩን ይጠይቃል፣ መጥፋቱን ያውቃል፣ የፓነሉ መብራትም ወደ "ጠፍቷል" ይመለሳል። ከዚያ እኔ አልነካውም። ክፍሉን በየቀኑ የምትከፍተውን ልጅ እጠራና "አብራ" የሚለውን እሷ እንድትጫን አደርጋለሁ።