ፒችትሪው ሰርቨሩን ሲያጣ

ጥያቄ፦ በአይቲ ተመርቄ ባሕር ዳር፣ አንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር አሮጌው የሒሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ አልከፈትም ይላል። ሲያቅተኝ አጥፍቼ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ። ጓደኞቼ የሞባይል አፕ ይሠራሉ። እኔ ዕድሜዬን እያባከንኩ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ አላባከንሽም። ፒችትሪ ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ቆይቷል። እኛ ጋ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ሲፈለግ ዛሬም «ፒችትሪ የሚችል» ይባላል። የሚጠግነው ሰው ያስፈልጋል።

ያሳሰበኝ እንደ አዲስ መጫንሽ ነው። እሱን ተዪው። እኔም አንድ ጊዜ ጣና ዳር ባለ ሆቴል፣ ሰኔ 30 ቀን፣ ሒሳብ ሊዘጋ ሲል ከጠዋት እስከ ማታ ስጭን ዋልኩ። ለካ ዳታው ያለበት ዋና ኮምፒውተር፣ የሰርቨሩ፣ ገመድ ማሽኖቹን ከሚያገናኘው ስዊች ላልቶ ኖሯል። ትንሿ አረንጓዴ መብራት አትበራም ነበር። የሒሳብ ሹሟ ፊት እስካሁን አይረሳኝም።

መጀመሪያ ፒችትሪ አልከፈትም ሲል የሚያሳየውን መልእክት አንብቢ። ዳታቤዙን፣ ማለትም ፐርቫሲቭን፣ የትኛው ኮምፒውተር ላይ እንዳጣው በስም ይነግርሻል። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ ሄደሽ ፒችትሪን ክፈቺ። እዚያም እምቢ ካለ ከጀርባ የሚሠራው የፐርቫሲቭ ሰርቪስ መነሳቱን እዪ። እዚያ ከተከፈተ ችግሩ ማሽኖቹን የሚያገናኘው ኔትዎርክ ላይ ነው። ከሌላው ማሽን ሰርቨሩን በስሙ፣ ቀጥሎ በአይፒው፣ ማለትም በኔትዎርክ አድራሻ ቁጥሩ፣ ፒንግ አድርጊ፤ መልስ ይሰጥ እንደሆነ እዪ። በአይፒ መልሶ በስም ዝም ካለ ጣጣው ስሙ ላይ ነው። መብራት ሲመለስ ራውተሩ ሌላ አይፒ ሰጥቶትም ይሆናል፤ ቋሚ አይፒ ስጪው። በሁለቱም ከመለሰ ያልተፈቀደ ግንኙነት ወደሚያግደው ፋየርዎል ሂጂ። ፐርቫሲቭ የሚጠቀመው 3351 እና 1583 ፖርቶችን፣ ማለትም የግንኙነት በሮችን፣ ነው። እነሱን ብቻ ክፈቺ፤ ፋየርዎሉን ጨርሶ ማጥፋት ግን አደራ!

ደብተር ያዢ። ቀኑን፣ መልእክቱን፣ የት እንደተቋረጠና በምን እንደተስተካከለ ጻፊ። ኢንተርቪው ላይ የምታወሪው እሱን ነው። ሲቪሽ ላይም «የአይቲ ባለሙያ» ብቻ ብለሽ አትለፊ፤ ስንት ማሽን አገናኝተሽ እንደምትይዢ ጻፊ። ነገ ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባለውን ሌላ ዳታቤዝ የሚጠቀም ፕሮግራም ቢገጥምሽ ፖርቱ ብዙውን ጊዜ 1433 ይሆናል እንጂ አካሄዱ ያው ነው። ማታ ማታ የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋውን ኤስኪውኤልን ተማሪ። የጓደኞችሽ አፕም ከጀርባው ዳታቤዝ አያጣም።

ለሰርቨሩ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ያስፈልጋል። አለቃሽ ቢሮ ስትገቢ ፕሮፎርማውን ይዘሽ ግቢ።