መጽሐፉ ይቆይ፣ ስብሰባው ይቅደም

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

የፖለቲካ ሳይንስ ዲግሪ አለሽ፤ ዜግነትም አግኝተሻል። አሁን ሥራሽን ለቀሽ ስለ ከተማ ኑሮ መጽሐፍ መጻፍ፣ በመጽሐፉ ከታወቅሽ በኋላ ደግሞ ለከተማው ምክር ቤት መወዳደር አስበሻል። ማስተርስ ልጨምር ወይ፣ አክሰንቴስ እንቅፋት ይሆንብኛል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። አርአያዬ ያልሽው የሚዙላ፣ ሞንታና ከንቲባ የነበረውን ዳንኤል ኬሚስን ነው።

ሰውዬውን መምረጥሽ ደስ ብሎኛል። ግን መንገዱን ገልብጠሽ ነው ያየሽው። የሞንታና ክፍለ ግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤት የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1975 ነው። ምክር ቤቱ በሁለት ዓመት አንዴ፣ ቢበዛ 90 ቀን ነው የሚሰበሰበው፤ በእሱ ብቻ አይኖርም። በ1978 የሕግ ትምህርቱን ጨረሰ። አፈ ጉባኤም ሆነ። ያ የወደድሽው መጽሐፉ (Community and the Politics of Place) የወጣው በ1990 ነው። 15 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው!

መጽሐፉን እስቲ መልሰሽ እዪው። የሕዝብ አስተያየት መስሚያ መድረኮችን ሲተች፣ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ፊቱን ወደ ባለሥልጣኑ አዙሮ ይናገራል እንጂ እርስ በርስ አይደማመጥም ይላል። ይህን ለመጻፍ ስንት ምሽት እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ይጠይቃል? በልጅነቱ ጎረቤቶች በደቦ የከብት ቤት ሲሠሩ ያየውንም ያነሳል። እናቱ የማትወደው አፈ ብልሹ ጎረቤት ነበር። ግን ሥራው ያለ እሱ አይሆንም፤ ስለዚህ ተቻችለው ሠሩ። ይህ ትዝታ ሐሳብ የሆነለት ከማይስማሙ ሰዎች ጋር ስብሰባ ውሎ ካደረ በኋላ ይመስለኛል።

እኔ ሥራ የጀመርኩት ቀበሌ ውስጥ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ነው። አሰልቺ ነበር። ግን ማን ምን ፈልጎ እንደሚጮህ የገባኝ እዚያ ነው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ሥራሽን አትልቀቂ። ከለቀቅሽም ለከተማው ጽሕፈት ቤት ወይም ለፕላን ክፍል ሥራ ይሁን። ከተማው ነዋሪዎችን በበጎ ፈቃድ ከሚያሳትፍባቸው ኮሚሽኖች ለአንዱ አመልክቺ። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ አንድ ገጽ ጻፊ። ሱቅ ተከራይቶ ለሚሠራ አበሻ የተወሰነው ነገር ምን እንደሚያመጣበት በአማርኛ አስረጂው። አንባቢሽ እሱ ነው።

እናትሽ «ነርሲንግ አጥኚ» ይሉሻል። ስለ ቤት ኪራዩ እውነታቸውን ነው፤ መጽሐፍ ኪራይ አይከፍልም። ነርስነት ግን ለማይወደው ሰው ቅጣት ነው፣ ለበሽተኛውም ጭምር። «ስንት ለፍቼልሽ» በሚል ሙያ አይመረጥም። ይልቅ የቤቱን ወጪ ድርሻሽን በየወሩ ሳያስታውሱሽ ክፈዪ። ያኔ ጭቅጭቁ ይቀንሳል።

ማስተርሱ አሁን አያስፈልግሽም። አክሰንትሽንም ተይው፤ መራጩ የሚጠይቅሽ የሰፈሩ መብራት መቼ እንደሚጠገን ነው።

የኦሮራ ምክር ቤት ምርጫ በጎዶሎ ዓመት፣ ኖቬምበር ላይ ነው። የሚመጣውን ለሌላ ዕጩ በር እያንኳኳሽ አሳልፊው። ለራስሽ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አስቢ።