ያገለገለ ኤስ ክላስ ልግዛ ወይስ ልተወው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ2007 መርሴዲስ ኤስ 550፣ 118,000 ማይል የሄደ፣ በ8,500 ዶላር አግኝቻለሁ። ውስጡ ቆዳው ሳይቀር አዲስ ይመስላል። አሁን የምነዳው ካምሪ ነው፤ አስቸግሮኝ አያውቅም። እሱን ሸጬ ትንሽ ጨምሬበት ልገዛ ነው ያሰብኩት። ባለቤቴ «ገንዘብ ከፍለህ ራስ ምታት ልትገዛ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው?

መልስ፦ በአብዛኛው እውነቷን ነው። መኪናው አዲስ ሳለ ከ85,000 ዶላር በላይ የተሸጠ ነው። አሁን ዋጋው ወደ አንድ አሥረኛ ቢወርድም መለዋወጫውና የእጅ ሒሳቡ አብረው አልወረዱም። ሆኖም ሁሉም ኤስ 550 አንድ ዓይነት አይደለም፤ መፈተሽ ያለበትን እንንገርዎ።

ከሁሉ በፊት የሞተሩን ቁጥር ይያዙ። በዚህ መኪና ላይ ያለው 5.5 ሊትር ቪ8 ኤም 273 ይባላል። መጀመሪያ ላይ የተሠሩት ላይ የታይሚንግ ሰንሰለቱን (የሞተሩን ክፍሎች አስተባብሮ የሚያዞረውን) የሚመራ አንድ ባለ ጥርስ ማርሽ አለ፤ ብረቱ ለስላሳ በመሆኑ ጥርሱ ይበላል። ጥርሱ ሲበላ ሰንሰለቱ ይላላል፣ የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና የክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) አቀማመጥ ይዛነፋል፣ ኮምፒውተሩም ፒ0016 ወይም ፒ0017 የሚል ኮድ ያወጣል። ማርሹ ራሱ ውድ ዕቃ አይደለም። ውዱ እሱ ዘንድ ለመድረስ ሞተሩን ማውረዱ ነው፤ ከመርሴዲስ ውጭ ባለ ጥሩ ጋራዥ እንኳ ከ4,000 እስከ 7,000 ዶላር አካባቢ ይጠየቅበታል። ችግሩ ያለባቸው የሞተር ቁጥራቸው የመጨረሻዎቹ ስድስት አሃዞች እስከ 088611 ያሉት ናቸው፤ የ2007 ሞዴል ደግሞ ብዙው እዚያ ውስጥ ይወድቃል። የሻንሲ ቁጥሩን ለመርሴዲስ መለዋወጫ ክፍል ቢሰጡ የሞተሩን ቁጥር ያወጡልዎታል። ቁጥሩ ከ088611 በታች ሆኖ ማርሹ ስለመቀየሩ ደረሰኝ ከሌለ መኪናውን ይተዉት። ሻጩ «እስካሁን ምንም አላሳየም» ማለቱ ማስረጃ አይሆንም።

ቁጥሩ አጠራጣሪ ከሆነና ልብዎ እምቢ ካለ፣ ሞያውን የሚያውቅ መካኒክ ሞተሩን ሳይከፍት ማየት ይችላል። የክራንክሻፍቱን ፑሌ 305 ዲግሪ ላይ አቁሞ፣ ከሞተሩ ፊት ያሉትን የካምሻፍት ሴንሰሮች ይነቅላል። በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚታየው ምልክት መሃል ላይ መቀመጥ አለበት። ወደ ጎን ከሸሸ ሰንሰለቱ ተንቀሳቅሷል።

ሁለተኛው የአየር ሱስፔንሽኑ ነው። ይህ መኪና ሞላ የለውም፤ አራቱም ጎማ ላይ በአየር የተሞላ ጎማማ ከረጢት ነው የተሸከመው። ጎማማው ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ አየር በጥቂቱ ያመልጣል፣ ያንን ለመተካት ኮምፕሬሰሩ (አየሩን የሚነፋው ፓምፕ) ያለ ዕረፍት ይሠራና እሱም ይቃጠላል። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ተስማምተው ማታ ሜዳ ቦታ ላይ ያቁሙት። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም በኩል በሜትር ይለኩና ይጻፉ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ እንደገና ይለኩ። አንዱ ጥግ ከወረደ እዚያ ላይ ይሰርጋል። ሞተሩ ሲነሳ ኮምፕሬሰሩ አየሩን መልሶ ይሞላዋልና፣ ሻጩ «ቀድሜ አስነስቼ ላሙቀው» ካለ ምን ሊደብቅ እንደሆነ ይገባዎታል። የፊቶቹን ሁለቱን መቀየር፣ ኦሪጅናል ባልሆነ ዕቃም ቢሆን፣ ከእጅ ጋር 2,000 ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ኮምፕሬሰር የሚቀይር ሰው ሪሌውንም (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ) አብሮ ይቀይር፤ የድሮው ሪሌ ተጣብቆ ከቀረ አዲሱን ኮምፕሬሰር ያቃጥለዋል። መኪናው 4ማቲክ (አራቱም ጎማ የሚነዳው) ከሆነ የፊት አሞርዛተሩ ቁጥር የተለየ ነውና ሲያዝዙ ይጠንቀቁ።

ካምቢዮው ባለ ሰባት ማርሽ ነው። ውስጡ ዘይት ውስጥ የተነከረ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለ፤ የፍጥነት ሴንሰሮቹ ሲሞቱ ካምቢዮው አንድ ማርሽ ላይ ይጣበቃል። ከተጣለ መኪና የተነቀለ ገዝቼ ልተካ ቢሉ አይሆንም፤ ሰሌዳው ለመኪናው በኮምፒውተር ተመዝግቦ ካልተጣመረ አይሠራም። ሲነዱት በቀስታ ከ2 ወደ 3፣ ከዚያም ወደ 1 ሲመለስ መንገጫገጭ እንዳለው ያስተውሉ።

ቀሪውን በአጭሩ። የሞተር ዘይቱ 8.5 ሊትር ነው፣ በመርሴዲስ 229.5 መሥፈርት የጸደቀ መሆን አለበት። ነዳጁ ፕሪሚየም ነው፤ በከተማ በጋሎን ወደ 14 ማይል ይሄዳል። ኤሌክትሪኩ እንግዳ ስሕተት ሲያሳይ ሰዎች ወዲያው ሞጁል (የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ) ይቀይራሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከባትሪ ነው። ሁለት ባትሪ አለው፣ ትልቁ ከኋላ በሻንጣው ክፍል ነው። መጀመሪያ ባትሪዎቹን ያስለኩ።

የቨርጂኒያ ነገርም አለ። አሌክሳንድሪያ የጭስ ምርመራ ከሚደረግባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ የቼክ ኢንጂን መብራት ከበራ አያልፍም። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ከመሸጡ በፊት ኮዱን አጥፍቶ መብራቱን ያስወግዳል። ርካሽ የኮድ ማንበቢያ ይግዙና ይሰኩ፤ ኮድ ባይኖርም መኪናው ራሱን የሚመረምርባቸው ክፍሎች «ዝግጁ አይደለም» ካሉ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ማለት ነው። ከመግዛትዎ በፊት ሙሉ ምርመራ፣ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ሞጁል የሚያነብ ስካነር ባለው የመርሴዲስ ስፔሻሊስት፣ ጥቂት መቶ ዶላር ቢወስድም ያስደርጉ።

እንግዲህ ፍርዳችን፦ ካምሪውን ሸጠው ከሆነ የሚገዙት፣ አይግዙት። ይህ መኪና ለጥገና ሁለት ሳምንት ሲቆም ሥራ የሚያደርስዎ ሌላ ያስፈልግዎታል። ካምሪው ቀርቶ፣ ከመኪናው ዋጋ ሌላ ወደ 5,000 ዶላር የሚሆን ቁጭ ካለ፣ የሞተሩም ቁጥር ጥሩ ከሆነ ግን ያን ያህል አይከፋም። መቀመጫው ላይ ተቀምጠው ሀይዌይ ላይ ሲሄዱ የሚያስታውሱት ነገር አለው፤ ያንን አንክድም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው። የ2001 (እ.ኤ.አ.) ኤስ 320 ልገዛ ነው፣ ቀድሞ የኤምባሲ መኪና ነበር። ሱስፔንሽኑ ወርዷል። መካኒኩ «አየሩን አውጥቼ በሞላ እተካዋለሁ» ይላል። ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ ለኛ መንገድ እንዲያውም ከአየሩ የሚመረጥበት ጊዜ አለ። ነገር ግን አሠራሩ ይለያያል። የዚህ መኪና የአየር ከረጢትና አሞርዛተር አንድ ላይ የተያያዙ ናቸው፤ ስለዚህ ሞላ ብቻ ሳይሆን አሞርዛተሩም የሚተካ፣ ለዚህ ሞዴል የተሠራ ሙሉ ኪት በአራቱም በኩል መግባት አለበት። ከሌላ መኪና ተቆርጦ የተበየደ ሞላ ግን ፍሬን ሲይዙ ፊቱን ያወዛውዛል፣ መሪውንም ያዛባል፤ አይቀበሉ። የኮምፕሬሰሩ ሪሌ ይነቀል፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በኮዲንግ ወይም ከኪቱ ጋር በሚመጣ መሣሪያ ይጥፋ። መጀመሪያ ግን በሳሙና ውሃ ቱቦዎቹን፣ መጋጠሚያዎቹንና የቫልቭ ሰሌዳውን ይረጩና አረፋ የሚያወጣበትን ይፈልጉ። አንዳንዴ ጥፋቱ አንድ መጋጠሚያ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ ሲሞቅ ድንገት ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ የክራንክሻፍት ሴንሰሩን ይቀይሩ። ካምቢዮው ጎን ላይ ያለውን የሽቦ መሰኪያ ይንቀሉና ይዩ፤ ጎሚኒው ሲያረጅ ዘይት በሽቦው ውስጥ ወጥቶ ኮምፒውተሩ ድረስ ይደርሳል። መሰኪያው በጥቂት ብር የሚቀየር ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ወረቀቱን ይመልከቱ። የኤምባሲ መኪና የገባው ከቀረጥ ነፃ ነው። ቀረጡ ተከፍሎ የጉምሩክ ማረጋገጫ ካልተሰጠው ስም ማዛወር አይቻልም፤ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ካለው ጋር ቁጥር በቁጥር ያስተያዩ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ሻጮች ዋጋ አይቀንሱም፤ መለዋወጫ የሚወጣበት ሌላ ኤስ ክላስ በመኪና መለዋወጫ ገበያው በሱማሌ ተራ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። የሚያስፈልግዎትን ዕቃ መጀመሪያ አግኝተው ዋጋውን ይጠይቁ፣ ከዚያ ለመኪናው ይከራከሩ።

ጥያቄ፦ ሻርጃ። ሌክሰስ ኤልኤስ 430፣ የ2005፣ 210,000 ኪሎ ሜትር። ከጀርመኖቹ ይሻላል ይሉኛል።

መልስ፦ በወጪ በኩል ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ አይርሱ፦ የታይሚንግ ቺንጊያው የጎማ ነው፣ በየ150,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ቀደም ቢሉ ይመረጣል። ሲበጠስ ቫልቮቹን ፒስተኑ ይመታቸዋል። ሲቀየር የውሃ ፓምፑ፣ መወጠሪያውና ፑሌዎቹ አብረው ይቀየሩ፤ ሥራው የሚደረገው አንድ ጊዜ ስለሆነ። መኪናው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ሻንሲውን ይፈትሹ፤ በጎርፍ የተጎዳ መሆኑን የሚያሳየው ምንጣፉ ሥር ያለው ዝገትና ጭቃ ነው። ቺንጊያው ስለመቀየሩ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ወጪውን ከዋጋው ያስቀንሱ።