ፈትሼዋለሁ እኮ!

ጥያቄ፦ የምሠራው የከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ድራይቨር ላይ ነው። ኮዳችንን በማረጋገጫ ፕሮግራም ማስፈተሽ ከጀመርን ወዲህ «ይህ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዘው) ነል (ባዶ፣ በተለምዶ አድራሻ 0) ሊሆን ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይደጋገምብኛል። ነል መሆን አለመሆኑን የሚፈትሽ መስመር ግን አስገብቻለሁ። የተሳሳተው ፕሮግራሙ ነው ወይስ እኔ? ሁሉም ቦታ ላይ ፍተሻ ብጨምርስ አልገላገልም? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እይልኝ። ፍተሻህ ያለው ፖይንተሩን ከመጠቀምህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። ለአንድ አነስተኛ ከርነል የኔትወርክ ድራይቨር ስጽፍ ማሽኑ አልፎ አልፎ ቀጥ ይልብኝ ነበር። ሁለት ሌሊት አደርኩበት። ፍተሻው ኮዱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ኮምፓይለሩ ያወጣውን የማሽን ኮድ ስከፍት ግን የለም! ለካ ከፍተሻው አንድ መስመር ቀደም ብዬ ከዚያው ፖይንተር ላይ አንብቤያለሁ። ሲ ቋንቋ በነል ፖይንተር ማንበብን ሕግ አልባ ነው ያደረገው፤ ኮምፓይለሩም ይህ ፈጽሞ አይደርስም ብሎ እንዲነሳ ተፈቅዶለታል። ስለዚህ ኮምፓይለሩ «ካነበበበት ነል አይደለም ማለት ነው» ብሎ ፍተሻውን ሰረዘው። በዚያ ማሽን ላይ ደግሞ አድራሻ 0 የሚነበብ ሜሞሪ ስለነበር ንባቡ ዝም ብሎ ያልፋል። ችግሩ የሚፈነዳው ከብዙ መስመር በኋላ፣ ሌላ ቦታ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በሊነክስ ከርነል፣ ቱን በሚባለው ድራይቨር ውስጥ የተገኘው ክፍተትም ይኸው ነበር። መጀመሪያ ፖይንተሩ ከሚያመለክተው የዳታ መዋቅር ውስጥ አንድ ዋጋ (ሶኬቱ) ይነበባል፤ ቀጥሎ ፖይንተሩ ነል መሆኑ ይጠየቃል። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ጥያቄውን አጠፋው። አንድ ተራ ፕሮግራም አድራሻ 0 ላይ የራሱን ዳታ ማስቀመጥ ከቻለ፣ ከርነሉ የአጥቂውን ዳታ የራሱ መስሎት ይቀጥላል። ከዚያ ወዲህ ሊነክስ የሚገነባው ኮምፓይለሩ እንዲህ ያለ ፍተሻ እንዳይሰርዝ በሚከለክል አማራጭ ነው።

ሁሉም ቦታ ላይ ፍተሻ ልጨምር ላልከው፣ እባክህ አታድርገው። ነል ሆኖ ቢገኝ ምን ልታደርግ ነው? መልሱን ሳታውቅ የጨመርከው ፍተሻ ስህተቱን ይደብቅልሃል እንጂ አያስወግድልህም። በሊነክስ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሜሞሪ የሚሰጠው ፈንክሽን ሲያቅተው ነል ይመልሳል። ሌሎች ብዙ ፈንክሽኖች ግን የስህተት ቁጥሩን ፖይንተር አስመስለው ይመልሱታል፤ ለዚህም የአድራሻው መጨረሻ ላይ ያሉት 4095 ቁጥሮች ተይዘዋል። ያ ነገር ነል አይደለም። ፍተሻህን ያልፋል፤ ስትጠቀምበት ይጥልሃል።

ማረጋገጫ ፕሮግራሙ የሚጠይቅህ ሌላ ነው፦ ነል እንደማይሆን ማን ቃል ገባ? ጠሪው ፈንክሽን ከሆነ፣ ቃሉን እንደ ቅድመ ሁኔታ ጻፈው። ያኔ ፕሮግራሙ ወደ እያንዳንዱ ጠሪ ሄዶ ቃሉን መጠበቁን ይመረምራል። አንዱ ካልጠበቀ፣ ስህተቱ ያለው እዚያ ነው፤ አንተ ጋ አይደለም።

ኤስኢኤል4 የተባለው ማይክሮከርነል (በጣም አነስተኛ ከርነል) በ2009 ኢዛቤል በተባለው የሒሳብ ማረጋገጫ መሣሪያ ሲረጋገጥ የተሠራውም በዚህ መንገድ ነው። ወደ 8,700 የሚጠጋ የሲ መስመር ነበረው፤ ማረጋገጫው ግን ወደ 200,000 መስመር ደረሰ። ፖይንተር በተነካበት ቦታ ሁሉ ትክክለኛነቱ መረጋገጥ ነበረበት። ያኔ ኮምፓይለሩን ግን አምነው ነው የተነሱት። የእኔን ሁለት ሌሊት አስታውስና ይህ ምን ያህል ከባድ እምነት እንደሆነ አስበው። ጂሲሲ ያወጣው የማሽን ኮድ ከሲው ጋር መግጠሙን የሚያረጋግጠው ሥራ በ2013 ነው የመጣው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

ፍተሻህ ከአጠቃቀሙ ቀድሞም ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ፣ ሎኩን (ሁለት የኮድ ሩጫዎች አንድን ዳታ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚያግደውን ቁልፍ) ተመልከት። ፍተሻውን ሎክ ይዘህ አድርገህ፣ ለቅቀህ፣ ከዚያ ፖይንተሩን እንደ አዲስ አንብበህ ከሆነ፣ በመሃል ሌላ ክር (ጎን ለጎን የሚሮጥ ሌላ ሥራ) ነል ሊያደርገው ይችላል። ያኔ ፕሮግራሙ ልክ ነው። ሁለቱንም በአንድ ሎክ ሥር አስገባና እንደገና አስፈትሸው።