ሕፃናት ክፍልን ለምትረከቡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ በሥራ ቀን የሂሳብ መምህር፣ እሑድ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ 35 ዓመት አለፈኝ። ዘንድሮ ሕፃናት ክፍሉን ለእናንተ ሳስረክብ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ልጅ ሲጠይቃችሁ ዝም አታሰኙት።

አንድ እሑድ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር እያስጠናሁ ነበር። ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን ብለን ትንሣኤ ሙታን ላይ ደረስን። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ አያቴ መቼ ነው የምትነሣው?» አለችኝ። ነጠላዋን እንደ እናቷ አዘቅዝቃ ለብሳለች። አይቻለሁ፤ ግን ልብ አላልኩም። ሰዓት ሄዶብኝ ስለነበር «እሱን ስታድጊ ትማሪዋለሽ፣ ቁጭ በይ» አልኳት። ቁጭ አለች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። ሌሎቹ ቃሉን በዜማ ሲወርዱት፣ ነገሩ የገባት እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ መምጣት ተወች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በቃል ማስጠናት ይቅር ማለቴ አይደለም። ጸሎተ ሃይማኖትን በሰባት ዓመቱ የያዘ ልጅ እስኪሸብት አይረሳውም። አባቶቻችንም ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወደ ዳዊት የወሰዱን በዚሁ መንገድ ነው። ግን የቆሎ ተማሪ ከየኔታ ጋር ውሎ ያድራል። እናንተ ያላችሁ በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። ሌላው ጊዜ የቤት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ጠርቷል። ስለዚህ ወላጆቻቸውን እወቋቸው። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ ጠይቁ።

ሥራም ስጧቸው። አላስቀምጥ ያለን አንድ ልጅ ነበር። ለጥምቀት ከታቦቱ ፊት ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ትልልቆች ጋር አሰለፍነው። የምንጣፉን ጫፍ በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ይዞ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀም። በሚቀጥለው እሑድ ከእኔ ቀድሞ በር ላይ ጠበቀኝ።

መልሱን የማታውቁት ጥያቄ ይመጣል፤ አትደንግጡ። «አላውቀውም፣ አብረን እንጠይቅ» በሉት። ደግሞ ለሳምንት አታሳድሩት። ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ከግቢ አይርቁም። እጁን ይዛችሁ እዚያው ሂዱ፤ ጥያቄውን ግን ራሱ ይጠይቅ።