በሐምሌ የለመለመው በጥር እንዳይደርቅ፦ የጓሮ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ታሪክ አላቸው። ክረምት ሲገባ ችግኝ ተገዛ፣ ተተከለ፣ ግቢው ለመለመ። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ቀረ። ጥር ላይ ግማሹ ደረቀ። አዲስ አበባ ውስጥ በሐምሌ የማያምር ጓሮ የለም። ጓሮ የሚፈተነው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። ስለዚህ ሁሉንም ጥያቄ የመለስኩት በጋውን እያሰብኩ ነው።

ከሰሚት፦ "አዲስ ቤት ገብተናል። ከፊት ለፊት 5 በ6 ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። ሙሉውን ሳር እናልብሰው ወይስ ሌላ ነገር ይሻላል?"

እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃችሁ። እባካችሁ መጀመሪያ ምንም አትግዙ። ፀሐይዋን ተከታተሉ።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዚህ የተነሳ የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን አትቆምም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በታኅሣሥ ግን ወደ ደቡብ በደንብ ትወርዳለች። ከቦታችሁ በስተደቡብ የ3 ሜትር አጥር ካለ፣ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥልባችኋል። በሰኔ እዚያው ቦታ ላይ የአጥሩ ጥላ የለም። ችግኝ የሚገዛው በክረምት ስለሆነ ይህን የሚያስተውል ጥቂት ሰው ነው። ጽጌረዳው በበጋ ጥላ ውስጥ ይገባና "ምን ነካው?" ይባላል። በጥላው መስመር ላይ ናናና ሰላጣ ይሁን። ጽጌረዳ፣ ቃሪያና ጤና አዳም ፀሐይ የማይለየው ቦታ ይሰጣቸው።

ወደ ሳሩ ስመጣ፣ በደረቁ ወራት አንድ ካሬ ሜትር ሳር በቀን እስከ 4 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። 30 ካሬ ማለት 120 ሊትር ነው፤ ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ በየቀኑ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ አይታሰብም። ልጆች የሚጫወቱበትን 8 ወይም 10 ካሬ ያህል ሳር አልብሱት። ሌላውን መደብ አድርጉት። የመደቡ ስፋት ከ1 ሜትር ከ20 አይብለጥ፤ ከሁለቱም ወገን እጃችሁ መሀሉ ድረስ ይደርሳል፣ አፈሩን ረግጣችሁ አትገቡም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ አታድርጉት። የክረምቱ ውሃ የሚሰርግበት ሲያጣ ወይ ወደ ቤት ይገባል፣ ወይ ጎረቤት ላይ ይሄዳል።

ከጀሞ ኮንዶሚኒየም፦ "ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ አትክልት ይሆንልኛል?"

ይሆናል፤ ቆስጣና ሰላጣ ጀምሪ። ለሰላጣ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል፣ ለቆስጣ 30 ይሻላል። አሮጌ ጀሪካን አጋድመሽ አንዱን ጎን ብትቆርጪው ለሰላጣ ይሆናል፤ ለቆስጣ አቁመሽ አናቱን ቁረጪው። ከታች አራት አምስት ቦታ ብሺው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ደባልቂ። 20 ሊትር እርጥብ አፈር ግን 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናልና ሁሉንም ብረቱ ላይ አትስቀይው፤ ግድግዳው ሥር ደርድሪው። ከሥሩ ሳህን አድርጊ፤ የታችኛዋ ጎረቤት ልብስ ታሰጣለች። ቆስጣውን ስትቆርጪ የውጩን ቅጠል ብቻ ውሰጂ፣ ልቡን ተዪው። ለወራት ይመግብሻል።

ከአያት፦ "ቲማቲሜ በነሐሴ ፍሬ ይዞ ሳለ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠቁሮ አለቀ። መድኃኒቱ ምንድን ነው?"

ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ምልክት፣ ከቅጠሉ ሥር ደግሞ ስስ ነጭ ሻጋታ አይተው ከሆነ ይህ ድንችንም የሚያጠፋው በሽታ ነው። በ1845 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ገብቶ ድንቹን የጨረሰው እሱ ነው። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙ ይሮጣል፤ የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ በትክክል እንዲያ ናቸው። ከተስፋፋ በኋላ አያድኑትም። ነቅለው ያስወግዱት፣ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት።

ዋናው መላ ወቅቱን መቀየር ነው። ዘሩን በነሐሴ ዝናብ በማይነካው ቦታ አፍሉ። ችግኙን ዝናቡ ሲቆም፣ በመስከረም መጨረሻ አዛውሩ። ቀን ፀሐይ የሞቀው ግድግዳ ሥር ከሆነ የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ይቋቋማል። በእንጨት ደግፉት፣ ውሃውን ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ። በክረምት ደግሞ ያ ቦታ ለጎመንና ለቀይ ሥር ይሁን።

ከአቃቂ፦ "አፈራችን ጥቁር ነው። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ። አሸዋ ላምጣ?"

አሸዋ ብቻውን አይረዳም፤ ገንዘብዎን ያስቀምጡ። ይህ አፈር ምግብ አለው፣ የሚቸገረው ውሃ በማሳለፍ ነው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ፣ በመደቦቹ መካከል ውሃው የሚወጣበት ቦይ ይተዉ። በየዓመቱ ኮምፖስት ይጨምሩበት፦ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የደረቀ ቅጠል። ፍግ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ወር ይብላላ፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል።

ከመቆፈርዎ በፊት አንድ እፍኝ አንሥተው ይጨብጡት። ሲለቁት የጣትዎ አሻራ ታትሞበት እንደ ሊጥ ካብረቀረቀ ቀኑ አልደረሰም። በአውራ ጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ይቆፍሩ። እርጥቡን የቆፈረ ሰው በበጋ ድንጋይ ይጠብቀዋል።

ከቦሌ ቡልቡላ፦ "ጽጌረዳዬን መቼ ልከርክም? የፈረንጅ ቪዲዮ ሁሉ በየካቲት ወይም በመጋቢት ይላል።"

እነሱ አገር ጽጌረዳ በረዶ ውስጥ ተኝታ ከርማ ነው የምትነቃው። እኛ ዘንድ አትተኛም። ስለዚህ ቀኑን እኛ እንመርጥላታለን፣ ይሄ ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው።

ከተከረከመች በኋላ እንደገና እስክታብብ በአዲስ አበባ አየር ሰባት ስምንት ሳምንት ገደማ ትወስዳለች። ጠንከር ያለውን ክርከማ በመስከረም ሁለተኛ አጋማሽ፣ ዝናቡ ሲያባራ ያድርጉት። ኅዳር ላይ ግቢው በአበባ ይሞላል። ሁለተኛውን ደግሞ ዐቢይ ጾም ሲገባ። ጾሙ 55 ቀን ነውና ለፋሲካ ገበታ የሚሆን አበባ ከገዛ ግቢዎ ይቆርጣሉ። በመሀል የጠወለገውን እየቀነጠቡ ማቆየት ብቻ ነው።

አቆራረጡ ላይ ይጠንቀቁ። መቀሱ ስለታም ይሁን፣ በአልኮል ይጠረግ። መጀመሪያ የደረቀውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ያውጡ። ከዚያ የቀረውን ሲሶ ያህል ያሳጥሩ። ቅርንጫፉ ላይ ቀላ ያለች ትንሽ እብጠት ትታያለች፤ ቡቃያዋ ማለት ነች። ወደ ውጭ የምታየውን ይምረጡና ከሷ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ሰያፍ ይቁረጡ። አዲሱ ቅርንጫፍ ወደ ውጭ ይወጣል፣ መሀሉ አየር ያገኛል። አየር ያገኘ ጽጌረዳ በክረምት በጥቁር ነጠብጣብ፣ በበጋም ዱቄት በሚመስለው ነጭ በሽታ ብዙም አይጠቃም። የታመመውን ቅጠል ከመሬትም ጭምር ይልቀሙ።

ከገርጂ፦ "የጎመኔ ቅጠል ሥር ግራጫ ነገር ተለጥፏል።"

ክሽክሽ የሚባል ትንንሽ ተባይ ነው። በጋ ሲደርቅ ይበዛል። በጣም የወረረውን ቅጠል ቆርጠው ይጣሉ። ለቀረው አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበጥብጡና ማታ ላይ ከቅጠሉ ሥር ይርጩ፤ ጠዋት በንጹህ ውሃ ይጠቡት። በየሦስት ቀኑ ይድገሙ። ቀይ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ጥንዚዛ ካዩ አይንኩት፣ ክሽክሹን የሚበላልዎ እሱ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ "ጤና አዳምና በሶብላ እዚህ ይሆናሉ?"

ጤና አዳም ይሆናል፣ ቅዝቃዜም በመጠኑ ይችላል፤ ውሃ የማይተኛበት ፀሐያማ ቦታ ስጡት። በሶብላ ግን አመዳይ ሲነካው ያልቃል። ዘሩን ቤት ውስጥ በኤፕሪል አፍሉ፣ ከሜይ አጋማሽ በኋላ አውጡ። ጤና አዳሙን ፀሐይ ላይ ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ እንደ ቃጠሎ ያቆስላል። ልጆችም አይነካኩት።

ከኮተቤ፦ "ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። በጋውን እንዴት ላሳልፍ?"

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ እስኪጠግብ ማጠጣት ይሻላል። ሥር ውሃ ወዳለበት ወደ ታች ይሄዳል። ጠዋት በማለዳ ያጠጡ። አፈሩን የጣት ርዝመት ያህል በወፈረ ደረቅ ሳር ወይም ቅጠል ይሸፍኑት፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ። ለትንንሽ ዛፎች ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ በስተው፣ ቂጡን ቆርጠው፣ ሥራቸው አጠገብ ዘቅዝቀው ይቅበሩ። ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። አትክልት ያጠቡበት ውሃ ይሁን፤ ኦሞና በረኪና የገባበት አይሁን።

ትልቁ ውሃ ግን ጣሪያዎ ላይ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር የዘነበ ቀን 40 ካሬ ቆርቆሮ 800 ሊትር ያወርዳል። አሸንዳውን ያስተካክሉ፣ ከሥሩ በርሜል ያስቀምጡ። ከደረቅ ወራት በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ዝናብ ይልቀቁት፤ አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባል። በርሜሉን ደግሞ በወንፊት ጨርቅ ይሸፍኑት፣ አለዚያ ትንኝ ያረባብዎታል።